ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዘር

ሁሩሙ፣ ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ወርቄ፣

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም፤ ከልብስ ሣጥኔ ሥር ይቀመጣል። የሚላከውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ እውነቱን ለሣጥኑ ልንገረውና ከዚያ ለአንቺ ልዋሽ ብዬ ነው። አሥራ አምስት ዓመት አስተማሪ ሆኜ የልጅ ውሸት ከሩቅ አውቃለሁ። የራሴን ገና አሁን መማሬ ነው።

እናታችን ሰኔ 11 ረቡዕ ጠዋት ዳሪሙ እቤቷ ውስጥ አረፈች። ከፋሲካ ወዲህ ሆዷን ያማት ነበር። የግንቦቱን ደብዳቤ ስታስጽፈኝ እንኳ ጎኗን ይዛ ነው፤ «ይሄን እንዳትጽፍ» ብላኝ ተውኩት። መቱ ወስደን አሳክመናት ነበር፤ ሕመሙ ቀድሞን ኖሯል።

ሦስት ቀን ሲቀራት አጠገቧ አስቀመጠችኝና «ወርቄ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትሰማ» አለችኝ። እንዴት አድርጌ ነው የምደብቃት አልኳት። «እንደምትጽፈው ጻፋ። እኔ መች ራሴ ጽፌ አውቃለሁ? ያው ያንተ እጅ አይደል?» አለች። ቀጥላም «ብትነግራት አጥንቴ ይውጋህ» ብላ አሰረችኝ። እንዲህ ያለ ቃል ጥላብን ሄደች።

ባታስምለኝስ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? መርዶ በፖስታ አይላክም። ሰው የሚረዳው ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዞት ነው። አንቺን እዚያ ህንድ አገር ማን ይይዝሻል? ደብዳቤውን ከፍተሽ ብቻሽን አንብበሽ ብቻሽን ስትወድቂ ታየኝ።

ዳሪሙ ያውቃል፣ ሁሩሙ ያውቃል፣ መቱ ገበያ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቃል። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የምትጨርሺው የዛሬ ዓመት ሰኔ ነው ብለሽኛል። አንድ ዓመት እዋሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንቺ ታውቂያለሽ።

አራጌ


ሃይደራባድ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አራጌ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንደምን ናት? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ምግቡ በርበሬ አለው፤ ግን የእኛ ዓይነት አይደለም፣ ዝም ብሎ ይቆጣል።

እማዬ በግንቦቱ ደብዳቤ «ለመሆኑ ያቺ ልጅ እዚያ ድረስ ሄዳ የምትማረው ምንድን ነው?» ብላ ላስጻፈችው መልሱ ይኸው። ቀስ ብለው ያንብቡላት፤ ካልገባት ደግመው፣ ካኮረፈች ደግሞ ነገ።

እማዬ፣ ማሽላን ውሰጂ። በቅጠሉም፣ በአገዳውም፣ በሥሩም፣ በፍሬውም ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው። የፍሬው ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው መስመር፣ ጂን የሚሉት፣ ቅጠሉም ውስጥ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ቅጠሉ ያንን ፕሮቲን ለምን አይሠራም? ከጂኑ ፊት ለፊት ፕሮሞተር የሚባል ቁራጭ አለ። እንደ በር ጠባቂ ቁጠሪው። ቅጠል ውስጥ አይከፍትም፣ ሥር ውስጥ አይከፍትም። አበባው ረግፎ ፍሬው ወተት መያዝ ሲጀምር፣ ያኔ ብቻ፣ እዚያ ፍሬ ውስጥ ብቻ ይከፍታል። የሚያስከፍቱት ፍሬው ውስጥ ብቻ የሚገኙ አንኳኪዎች ስላሉ ነው። በስንዴም፣ በበቆሎም፣ በሩዝም ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ የማጠናው የማሽላውን በር ነው።

አብዛኛው ማሽላ ካፊሪን የሚባል ፕሮቲን ፍሬው ላይ ያከማቻል። ሆድ ይሞላል እንጂ የልጅ ገላ እምብዛም አይሠራበትም። ያንቺ ወተት በጉንጬ የሚባለው ማሽላ ግን ካፊሪኑ ጥቂት ነው፤ ገላ የሚሠራው ይበልጣል። እሸቱ የሚጣፍጠውም፣ ፍሬው ሲደርቅ እንደ አሮጊት ጉንጭ የሚጨማደደውም ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። የኔ ጥርጣሬ ጠባቂው በሩን ገርበብ ብቻ አድርጎ ይተዋል የሚል ነው። ይህን ነው ላሳይ የምፈልገው።

ጋሼ፣ አሁን ወደ ልመናዬ። ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠጣ ከተሰቀለው ማሽላ ሁለት ራስ ይላኩልኝ። የዘር ማስገቢያ ፈቃዱን ዩኒቨርሲቲው ጨርሶልኛል፤ ወረቀቱን አያይዤዋለሁ። እዚህ በዩኒቨርሲቲው የዘር ጎተራ ያለው በስንት እጅ ያለፈ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ እጅ በየዓመቱ የመረጠውን ነው። እማዬ ራሷ ታውርደው፣ እማዬ ራሷ ትምረጠው። ጥናቴ ሁሉ የቆመው በዚህ ዘር ላይ ነው።

በ77 ከወሎ ወደ ዳሪሙ ለሠፈራ ስንሄድ ሰባት ዓመቴ ነበር። መኪናው ላይ ራበኝ እያልኩ ሳለቅስ በመቀነቷ የቋጠረችውን እፍኝ ማሽላ ዳበስኩባት። እጄን መታችኝና «ይሄ የሚዘራ ነው፣ የሚበላ አይደለም» አለችኝ። ያን ቀን ጠልቻት ነበር። ይህን አያንብቡላት።

እህትዎ ወርቄ


ሁሩሙ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ወርቄ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ለእማዬ የማነብላት ይመስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ አየችኝና ተመለሰች።

ቅዳሜ ዳሪሙ ወረድኩ። ቤቱ እንደተዘጋ ነው። በሩን ከፍቼ ቀና ብል ከምድጃው በላይ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ሳሊሐ ጋ ሄድኩ። ጎረቤታችንን ሳሊሐን መቼም አትረሻትም፤ ከእሷ ጋር ከአንድ መኪና ወርደን በአንድ ቀን ነው ጎጆ የቀለስነው፤ ለቅሶው ላይም ጓዳውን የያዘችው እሷ ነበረች። ማሽላው የት ሄደ አልኳት።

«ወይ አራጌ፣ በሁለተኛው ቀን ሰው ሲጎርፍ አላየህም? የቀቀልነው በቆሎ አለቀ። ቀና ስል ማሽላ ተሰቅሏል። አውርጄ አሽቼ ንፍሮው ላይ ጨመርኩት።»

«ዘር እኮ ነበር ሳሊሐ» አልኳት።

«ዘር? ዘር ቢሆን ሚያዝያ ላይ ይዘራ አልነበር? ሰኔ ድረስ ተሰቅሎ የቀረ ለመብል የተረፈ ነው። ደግሞ ጭሱ አጥቁሮት ምን ይታወቃል? የእናትህን የሽብሬን እህል ለሽብሬ ለቅሶ አዋልኩት፤ ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋሽም ብያት ወጣሁ። ምንስ አጠፋች? ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ «ምን እንቀቅል?» ተብሎም አይጠየቅም፤ የለቅሶ ቤት ጓዳ የጎረቤት ነው። በሚያዝያ ያልተዘራው እማዬ ታማ ስለነበር መሆኑን እኔ ነበር ማስታወስ የነበረብኝ። ጓሮዋ ባዶ እንደሆነ እያየሁ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞርኩ። የእኛ ሰዎች ወተት በጉንጬን ከተዉት ቆይተዋል፤ ምርቱ አያወላዳም፣ ወፉም እሱን ነው የሚወደው ይላሉ። ለካ የቀረው የእማዬ ብቻ ኖሯል።

ዘሩ አለቀ ብልሽ «እማዬ ባለችበት እንዴት ዘሯ ያልቃል?» ትያለሽ። ሚያዝያ ላይ አልዘራችም ብልሽ «ለምን?» ትያለሽ። የትኛውንም መንገድ ብይዝ መጨረሻው መቃብሯ ነው። ስለዚህ የአገሬው ሰው ኦቦ አብደታ ቤት ሄድኩ። ዝንጀሮ ፈርተው ሳይደርስ ያጨዱት ማሽላ ነበራቸው፤ ፍሬው ሳይሞላ ደርቆ ጭምድድ ብሏል። ሁለት ራስ መረጥኩ። «ይሄን ከብት እንኳ አይበላው፣ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። እኚህ ሰው እማዬን «ሃዳ ወርቄ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፣ የወርቄ እናት እንደማለት፤ አሁንም በቤቷ በኩል ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ሁለቱን ራስ እማዬ ምድጃ ላይ እሳት አንድጄ ሁለት ቀን ጭስ አጠጣኋቸው። ውሸት እንኳ ሲሠራ ወግ አለው።

አራጌ


ሁሩሙ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው እህቴ ለወርቄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ክረምቱ ከብዷል፤ ከዳሪሙ መቱ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሆነ መልሴ ዘግይቷል፣ ይቅርታ።

ዘሩን ይኸው ልኬልሻለሁ። እማዬ ራሷ ናት ያወረደችው። እኔ ልርዳሽ ብላት «አንተ ጠመኔ ያዝ» አለችኝ። ያልሽውን ሁሉ አነበብኩላት። በር ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀችና «በር ገርበብ ማድረግ ሌባ መጥራት ነው በላት» አለች። ትምህርቱ ግን ገብቷታል። «ሁሉም ዘንድ ያለ ነገር ሁሉም ዘንድ አይነገርማ፣ ይሄ ምን ያስደንቃል?» ብላለች።

በስልክ ልታናግሪያት አስበሽ እንደሆነ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት መቱ ድረስ መውጣት ከብዷታል። ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ስልክ ላይ የሰው ድምፅ ከግንብ ውስጥ የሚመጣ ይመስላታል። እንዳትቀየሚ።

በርቺ፣ ጨርሺ። እሷም የምትለው እሱን ብቻ ነው።

ወንድምሽ አራጌ


ሃይደራባድ፣ ኅዳር 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አራጌ፣

ሰላምታዬ ከእማዬ ጀምሮ ለሁላችሁም ይድረስ። ዘሩ በቅሏል፤ ከዘራሁት ሃያ ፍሬ አሥራ አራቱ። የቀረውን ዘር በብልቃጥ አስቀምጫለሁ። ቁመታቸው ከኔ አልፏል፣ ሰሞኑን ያብባሉ። ጠዋት ጠዋት ስገባ «ሽብሬ እንዴት አደርሽ?» እላቸዋለሁ። የቤተ ሙከራው ሰዎች የአገራችን ጸሎት መስሏቸዋል።

እማዬን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እሸቱን የምትቀጥፈው አበባው በረገፈ በስንት ቀኑ ነው? በሩ የሚከፈትበትን ቀን ለመያዝ ያስፈልገኛል።

ሰይፈ ሚካኤል የሚባል የመቱ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ሰማያዊ የሱፍ ሻል ልኬላታለሁ። ለብሳው ፎቶ ተነሥታ ይላኩልኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነ እኮ ፊቷን ካየሁ። ከደብዳቤ ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊት አይታይም።

እህትዎ ወርቄ


ሁሩሙ፣ ጥር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወርቄ፣

ሰይፈ ሚካኤል ሻሉን አድርሶናል። ከእጁ ስቀበለው ቀና ብሎ አላየኝም፤ ዓይን አፋር ልጅ ነው። እማዬ ሻሉን እንዳየች «ይሄ ለቅዳሜ ገበያ ነው ለቤተ ክርስቲያን?» አለች። ለሁለቱም ብያታለሁ። የመቱው ፎቶ አንሺ መሣሪያው ተበላሽቶ አዲስ አበባ ልኮታል፤ ሲመለስ እናነሳታለን።

የእሸቱን ቀን ቆጥራው አታውቅም። በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ስታደርጊው ወተቱ ወፈር ብሎ ከወጣ ደርሷል፣ ውኃ ከሆነ ገና ነው፣ ካልወጣ አመለጠሽ።

ሌላ የምጽፈው አጣሁ። ደህና ሁኚ።

አራጌ


ሃይደራባድ፣ የካቲት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አራጌ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ይቀመጡ።

ማሽላው ደርሷል። ፍሬው ድቡልቡል ነው፣ ልሙጥ፣ ጠጣር። እሸቱን ቀምሼው ነበር፤ እንደ ማንኛውም ማሽላ ነው። ካፊሪኑን ለካሁት፣ ሙሉ ነው። ፕሮሞተሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት፤ ከኢሉባቦር ከተሰበሰቡት ተራ ማሽላዎች ጋር አንድም ልዩነት የለውም። ገርበብ ያለ በር የለም። ወለል ብሎ ተከፍቷል።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ፣ ዘር አቀላቅዬ ይሆናል ብዬ። ደገምኩት፣ ያው ነው። ከዚያ በብልቃጥ ያስቀመጥኩትን የላኩልኝን ዘር አውጥቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የማሽላ ፍሬ ሲደርስ ሥሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣለታል። እነዚህ የላቸውም። የተጨማደዱት በዘራቸው አይደለም፤ ሳይደርሱ ታጭደው ነው። ከላያቸው ጥላሸት አለባቸው፤ በጣት ሲነኩት ግን ይለቃል። የእማዬ ምድጃ ጭስ ታጥቦም አይለቅም።

አንድ ሰው ተጨንቆ መርጧቸዋል። እማዬ ግን አይደለችም። እማዬ ዓይኗ ቢጠፋ በጣቷ ትለየዋለች። እጇ ባይታዘዝላት አፏ ውስጥ ከታ ትለየዋለች። ተኝታ እንኳ ቢሆን ሌላ ሰው ሌላ ዘር በስሟ ሲልክ ዝም አትልም፤ ቤቱን በጩኸት ታፈርሰዋለች። ቁጭ ብዬ በየት በኩል ልሳሳት እንደምችል ስፈልግ ሁለት ቀን ሆነኝ። እማዬ ካለች ይህ ዘር እዚህ አይደርስም።

ከዚያ ደብዳቤዎችዎን አወጣሁ። ጉልበቷ፣ ስልኩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ቀና ብሎ ያላየዎት ሰይፈ ሚካኤል።

ጋሼ፣ ሌላ ምንም እንዳይጽፉልኝ። ሰላምታም አልፈልግም። መቼ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።

ወርቄ


ሁሩሙ፣ መጋቢት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወርቄ፣

ሰኔ 11 ቀን 1995፣ ረቡዕ ጠዋት።

አትጻፍ ብለሽኛል፤ ግን አጥንቷ እንደሚወጋኝ ባውቅም ቀኑን ብቻ ልኬ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዚህ ጋር ሁለት ደብዳቤ አለ፤ በጊዜያቸው ጽፌ ያልላክኋቸው ናቸው። ቃሏንም፣ ዘሩ የት እንደገባም እነሱ ይነግሩሻል። ከምሥክር ፊት የቆምኩ ያህል እውነት ናቸው።

በሣጥኑም ውስጥ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ያን ንፍሮ እኔም በልቼዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሳሊሐ በእፍኟ ሰጠችኝ፤ ለወግ ያህል አፌ ውስጥ አደረግሁት፤ ጣፈጠኝ። እናቴ ትናንት የተቀበረች ሰው እህል ጣፈጠኝ ብዬ ራሴን ተጸየፍኩና የቀረውን ለጎኔ ሰው ሰጠሁ። ምን እንደበላሁ ያወቅሁት ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ረሃብ ያላስበላንን ዘር ለቅሶ አስበላን።

ሐዘኑ ጥናትሽን እንዳይገድለው ብዬ ነበር። እኔው በእጄ ገደልኩት። አንድ ዓመትሽን ከዝንጀሮ በተረፈ ማሽላ ላይ አስፈጀሁሽ። ቃል ስጠብቅ ሌላውን ሁሉ ጣልኩ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ለሱም ፊት የለኝም። ግን ልንገርሽ፤ ለአንቺ ስጽፍ እሷ ምን ትል ነበር ብዬ ቁጭ እል ነበር፣ የምትለውም ይመጣልኝ ነበር። ከስድስት ወር በላይ አጠገቤ ነበረች። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የሞተችብኝ።

ትመጪያለሽ ወይ?

አራጌ


ሃይደራባድ፣ ግንቦት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አራጌ፣

እንደምን ሰነበቱ?

ሁለት ሳምንት ጠላሁዎት። እየተነሣሁ የምሰድብዎትን እጽፍና እቀድደው ነበር። ከዚያ እማዬ ያለችውን ከእርስዎ ፈጠራ ለይቼ ፈጠራውን ልጥለው ብዬ የድሮውንም የአሁኑንም ደብዳቤ ደርድሬ ተቀመጥኩ። መለየት አቃተኝ። በር ገርበብ ማድረግ ሌባ መጥራት ነው ያለችው እሷ አለመሆኗን አውቃለሁ፤ ግን የእሷ ነው። ጠመኔ ያዝም የእሷ ነው። ስለዚህ አንዱንም አልጣልኩም።

ጥናቱን በተመለከተ፣ አስተማሪዬ የተራው ማሽላ ፕሮሞተርም በደንብ የተጠና አይደለም፣ በእሱ ጨርሺ ብለውኛል። የኦቦ አብደታ ማሽላ በክብር የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ሊገባ ነው፤ ይንገሯቸው፣ ይሣቁ። ፈተናዬ ሰኔ ላይ ነው። ስለ እማዬ ዘር የምጽፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ተፈልጎ አልተገኘም የሚል። ያችን መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

እስከ ዛሬ አላለቀስኩም ጋሼ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ወረቀት ይዤ ሞክሬያለሁ። ልቅሶ ብቻን የሚያለቅሱት ነገር አይደለም ለካ፤ የሚይዝ ሰው ከሌለ አይመጣም። እዚህ ሁሉም ሰው «አዝናለሁ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄዷል፤ ክፉ ሆነው አይደለም፣ አገሩ ነው።

ሐምሌ 10 እገባለሁ። መኪናው ሁሩሙ ላይ ያወርደኛል። የምለምንዎት ይህን ነው። ሲቀበሉኝ ጥቁር እንዳይለብሱ። እማዬ እንዴት ናት ስልዎት ደህና ናት፣ ዳሪሙ ናት፣ ነገ አብረን እንወርዳለን ይበሉኝ። እስካሁን እንደጻፉልኝ አድርገው ይበሉኝ። ራት አብልተው ያስተኙኝ።

ሰዎቹን ቀደም ብለው ከዳሪሙ ያስመጡልኝ፤ ኦቦ አብደታም ይምጡ። ጎህ ሲቀድ ገብተው ያስነሡኝ። የምታረዳኝ ሳሊሐ ትሁን፣ ሌላ ሰው አልፈልግም። የቀቀለችው ምን እንደነበረ እስከ ዕለተ ሞቷ እንዳይነግሯት። እርስዎ በቀኜ ይቀመጡ። እሷ «ወርቄ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» ትበለኝ፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው «ምን ሆናችሁ ነው በጠዋቱ?» እላለሁ።

እህትዎ ወርቄ